ቲማቲሙ የሚጠጣበት ክር

ጣሊያኖች የጣናን ዳርቻ በእሾህ ሽቦ ያጠሩት በበጋ ነበር። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነኝ፤ እንስራ ለማዘል የደረስሁ፣ ለመዳር ግን ያልደረስሁ። ከሽቦው በፊት ከቤታችን ደጅ እስከ ውሃው ያለው መንገድ እጅግ አጭር ስለነበር እማዬ ድስት ጥዳ ወርዳ፣ ድስቱ ሳይፈላ ቀድታ ትመለስ ነበር። ከሽቦው በኋላ ግን ሐይቁ እዚያው ከፊታችን ተዘርግቶ እያየነው ራቀብን።

ምክንያቱ ታንኳ ነው። አርበኞች በታንኳ እየተሻገሩ በጣሊያኖቹ ሞተር ጀልባ ላይ ተኩሰዋል፣ ሰውም ቆስሏል ተባለ። በማግስቱ ወታደሮች በየደጁ የቆመውን ታንኳ ሁሉ ሰብስበው ዳርቻው ላይ አቃጠሉት። ታንኳ የሚታሰርበት ደረቅ ደንገል ሲነድ የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቀጥሎ ትእዛዝ መጣ፤ ታንኳ የሠራ ይቀጣል፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወደ ሐይቁ የሚታይ መብራት ያበራ ይቀጣል፣ ውሃ በጠዋት ብቻ፣ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር በሚጠብቀው በር በኩል፣ ለአንድ ቤት አንድ እንስራ።

አባዬ ታንኳ ሠሪ ነበር። አባቱም የአባቱም አባት ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። በዳርቻው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወደ ዘጌ እንጨት ሊያመጣ የሚሻገር፣ እስከ ጎርጎራ እህል የሚያደርስ ሁሉ ከእርሱ እጅ የወጣ ታንኳ ነበረው። ለዚህ ነው እኛ ከሌላው ሰው ይልቅ የፈራነው። ከሠፈራችን አንድ ታንኳ ሠሪ ለጥያቄ ተብሎ ወደ ጦር ሰፈሩ ተወስዶ ነበር። ሚስቱ ምግብ ይዛ በሩ ላይ ብትቆም «እዚህ የለም» አሏት። የት እንዳለ ግን አልነገሯትም። ከዚያ ወዲህ በአጥራችን አጠገብ ጫማ በተሰማ ቁጥር እማዬ አባዬን አይታ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ደግሞ አባዬን ታያለች። እኔም እንደ እርሷ ማየት ለመድሁ።

ቲማቲሙ የመጣው ሽቦው ከመታጠሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባዬ ዓሣ ለጦር ሰፈሩ ማድ ቤት አድርሶ ጨውና ዱቄት ይቀበል ነበር። አንድ ቀን የማድ ቤቱ ሠራተኛ ሊጥለው የነበረውን የበሰበሰ ፍሬ ሰጠውና በቅጠል ጠቅልሎ ይዞት መጣ።

«ደግሞ ይኼ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«የፈረንጅ እምቧይ።»

«እምቧይማ ደጃችን ሞልቶ የለም እንዴ! ላም እንኳ አፏን አታስጠጋውም።»

«እነርሱ ይበሉታል። ወጥ ያደርጉታል።»

«እነርሱ ምን የማይበሉት አለ!»

ዓሣ ማጥመድ ሲከለከል አባዬ ያን ፍሬ አስታወሰ። ዘሩን አጥቦ፣ ጨርቅ ላይ አድርቆ አስቀምጦት ነበር። ማድ ቤቱ ዓሣ ካላገኘ ቲማቲም ይቀበል ይሆናል አለ። ችግሩ ውሃ ነው። አንድ እንስራ ውሃ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሕፃኑ ወንድሜ መታጠቢያ፣ ለአባዬና ለእማዬ ውዱእ እየተቆጠበ ምሽት ላይ የሚተርፈው ከአንድ ጣሳ አይበልጥም። ያን አንድ ጣሳ መሬት ላይ ብናፈሰው በዚያ ፀሐይ ሥሩ ዘንድ ሳይደርስ ይደርቃል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ከቃጠሎው የተረፈ አጭር የደንገል ጉማጅ የውዱእ ውሃ በተጠራቀመበት ገበታ ውስጥ ቆሞ አገኘ። ታቹ ብቻ ነው ውሃው ውስጥ ያለው፤ እርጥበቱ ግን እስከ ላይ ወጥቷል። ጠራኝና በጣቴ አስነካኝ።

«ታንኳ ሐይቅ ላይ ሲቆይ ለምን እንደሚከብድ ታውቂያለሽ?»

«ውሃ ስለሚጠጣ።»

«ከላይ ነው ከታች የሚጠጣው?»

«ከታች።»

«እንግዲያው ይኼም ከታች ይጠጣ» አለና ተነሣ።

ከጦር ሰፈሩ ጓሮ የተጣሉ የቤንዚን ጣኒካዎች በየቤቱ ነበሩ፤ ሴቶቹ እህል ያኖሩባቸዋል። አባዬ ሁለት ሁለት እያደረገ አጣመራቸው። የታችኛውን አሳጥሮ ቆረጠውና የውሃ ማጠራቀሚያ አደረገው። የላይኛውን ቂጡን በምስማር በስቶ አፈር ሞላውና በታችኛው ላይ፣ ሦስት ድንጋይ ተደግፎ እንዲቀመጥ አደረገ። በላይኛው ጥግ በኩል እስከ ታች የሚወርድ ሸምበቆ ሰካ፤ ውሃው በዚያ ይጨመራል እንጂ አፈሩን አይነካም። በታችኛው ጎን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውሃው ከልክ ካለፈ በዚያች ይፈሳል፣ ሥሩም አይታፈንም። ከአፈሩ መሐል ተነሥቶ በቂጡ ቀዳዳ በኩል ወደ ውሃው የሚወርደው ደግሞ የደንገል ልብ ነበር። ውሃውን የሚያወጣው እርሱ ነው።

ምስማሩን መምታት ቀላል አልነበረም። ቆርቆሮ ሲመታ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፤ ታንኳ ሠሪ ቤት መዶሻ ከተሰማ ደግሞ ማን መጥቶ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ከከተማው ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ በድማሚት ይፈነዳ ነበር። ከመፈንዳቱ በፊት አንድ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ «ሚቻ! ሚቻ!» ብሎ ይጮሃል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ የድማሚት ክር ማለት ነው፤ ሲጮህ ክሩ ተለኮሰ ማለቱ ነው። ትርጉሙን ማንም አላስተማረንም፤ ጎጆአችን ላይ ድንጋይ እየወደቀ ተማርነው። ቃሉ ሲሰማ ሠፈሩ ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ ባለበት መሬት ላይ ይተኛል። አባዬ ግን ምስማሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ፍንዳታው ሲመጣ አብሮ ይመታል። በዚህ ዓይነት የአንዱን ጣኒካ ቂጥ ለመብሳት ቀናት ፈጀብን። እኔ አጥሩ ሥር ተኝቼ መንገዱን እጠብቃለሁ። ጎረቤታችን የነበረች ሴትዮ በአጥሩ ቀዳዳ አይታን፣ «ሰው መሬት ያርሳል፤ እናንተ ጣኒካ ታርሳላችሁ?» ብላ ሳቀች። አባዬ ግን አልሳቀም፤ ድምፅሽን ቀንሺ ብሎ ለመናት።

የደንገሉ ልብ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሠርቶ በሰበሰ፤ ችግኞቹም ቢጫ ሆኑ። ያን ጊዜ አባዬ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኩራዝ አየ። መብራት ከተከለከለ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ነበር። «ይኼም እኮ ጋዙን ከታች ነው የሚጠጣው» አለ። የኩራዙን ክር አወጣ፤ ከዘመድም ከጎረቤትም ሥራ የፈታ ክር ለቃቀመ። መጀመሪያ የከተትነው ሳይታጠብ ስለነበር ጋዙ ቅጠሉን አኮማተረው። ከዚያ በኋላ ክሮቹን በአመድ ውሃ እያፈላን፣ እያሸን፣ እያሸተትን አጠብናቸው። ማሽተቱ የእኔ ሥራ ነበር። ጣኒካዎቹንም እንዲሁ በአመድ ፈተግናቸው።

ሠራ። ያች የምሽት ጣሳ ውሃ በየተራ አንዱ ሸምበቆ ውስጥ ትገባለች፤ ተክሎቹ ቀትር ላይ እንኳ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አፈሩን በደረቅ ሣር ሸፈንነው። ስድስት ጥንድ ጣኒካ ከግቢያችን የድንጋይ ካብ ሥር ተሰልፈው፣ ዱላ ተደግፈው አደጉ፤ አበቡ፤ እንደ እምቧይ ያለ አረንጓዴ ፍሬም አንጠለጠሉ። እማዬ በየቀኑ እያየች «መርዝ ባይሆን» ትላለች። ሲመሽ ግን ከሁላችን ቀድማ ጣሳውን የምታነሣው እርሷ ነበረች።

ፍተሻው የመጣው አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። በሩን አላንኳኩም። አስካሪዎች ገብተው የጣራውን ሣር በሳንጃ ወጉት፣ ጎተራውን ገለበጡት፤ ከኋላቸው አንድ ፈረንጅ መኮንን፣ ከእርሱም ኋላ አስተርጓሚው ገቡ። አስተርጓሚውን እናውቀዋለን። የአገራችን ሰው ነው፣ ወጣት፤ ጣሊያንኛውን የተማረው ድንጋይ ማፈንጃው ላይ በቀን ሠራተኝነት ነበር። አባዬ ካቡን ተደግፎ ቆሟል። እማዬ ሕፃኑን አቅፋ ደጁ ላይ ናት። እኔ ከእማዬ ኋላ ቀሚሷን ይዣለሁ።

አንዱ አስካሪ ጣኒካዎቹን አየና ላይኛውን በሰደፉ መታው፤ አፈር ስለሆነ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ታችኛውን ሲመታው ጮኸ፤ ግማሹ ባዶ መሆኑ ተሰማ። ጎንበስ አለ። በሁለቱ ጣኒካዎች መካከል፣ ድንጋዮቹ ባሉበት ክፍተት፣ ነጭ ነገር ወደ ታች ሲወርድ አየ። ቀና ብሎ መኮንኑን ጠራው። መኮንኑ ራቅ እንዳለ አንገቱን አስግጎ አየና አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው ወደ አባዬ ዞረ።

«ምንድን ነው ይኼ ከውስጥ የወጣው?»

«ክር ነው ጌታዬ» አለ አባዬ።

አስተርጓሚው ወደ መኮንኑ ዞሮ «ሚቻ» አለ።

ወደቅሁ። ሳላስብ ነው፤ ሰውነቴ ያንን ቃል ሰምቶ ቆሞ አያውቅም። እማዬም ሕፃኑን ደረቷ ሥር ወሽቃ በጉልበቷ ተደፋች። ወታደሮቹ እኛ ስንወድቅ አዩን፤ ለእነርሱ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። አንድ አፍታ ሳይሞላ ግቢው ባዶ ሆነ። ሁሉም ካቡን ዘለው ወዲያ ማዶ ተኙ። አፈር ላይ ተደፍቼ ቀና ስል የቆመ ሰው አንድ ብቻ አየሁ፤ አባዬን፣ በጣኒካዎቹ መካከል። የመኮንኑ ሽጉጥ በካቡ ላይ ተደግፎ ደረቱን ያያል።

«አንተ ሰውዬ!» አለ የአስተርጓሚው ድምፅ ከካቡ ወዲያ። «እጅህን ጣኒካው ላይ አድርግ! እንዳታነሣ!»

«አላነሣም ጌታዬ።»

«ሌላ ክር አለ?»

«ሁሉም ውስጥ አለ።»

«ሁሉም ውስጥ?»

«አዎን። አንዱ አልበቃ ሲል ለትልልቆቹ ሁለት ሁለት አድርገናል።»

«ኧረ ዝም ይበሉ!» አለች እማዬ መሬት ላይ እንዳለች። «በአላህ ዝም ይበሉ!»

«ለምንድን ነው ክሩ?»

«ለመጠጣት።»

«ማን ነው የሚጠጣው?»

«ቲማቲሙ።»

አስተርጓሚው ከካቡ ወዲያ ሆኖ «ታላግጥብኛለህ? እኔ ላይ ነው የምታላግጠው?» አለ። ያኔ አልገባኝም ነበር እንጂ ዛሬ ሳስበው እርሱም ከእኛ ባላነሰ ፈርቶ ነበር። ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። ቦምብ ከሆነ አብሮን ይሞታል፤ ካልሆነ ደግሞ መኮንኑን መሬት ላይ ያስተኛው እርሱ ነው።

መኮንኑ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «ክፈተው ይልሃል» አለ።

«ብቻዬን አልችልም። አንዱ ታችኛውን መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሥሩ ይበጠሳል።»

«ልጅቷ ትያዝ።»

«ልጄንስ አላመጣም» አለ አባዬ።

ይህ ተተርጉሞ እንደሄደ የሽጉጡ አፍ ከፍ አለ። አባዬ እምቢ ያለው ስለፈራልኝ ነው፤ ለእነርሱ ግን ጣኒካው ውስጥ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ማመኑ ነበር። ይህን እንዴት እንደተረዳሁት አላውቅም። እኔ እንግዳ ፊት ስሜን ተጠይቄ መመለስ የሚያቅተኝ፣ ዘመድ ሲመጣ ከምሰሶ ኋላ የምቆም ልጅ ነበርሁ። ቢሆንም ተነሣሁ፤ እማዬ ቀሚሴን ስትይዝ ጨርቁ ሲቀደድ ተሰማኝ፤ ሄድሁ።

አባዬ አላየኝም። «ቢስሚላህ በይ» አለኝ ብቻ። አልሁ። ተንበርክኬ የታችኛውን ጣኒካ በሁለት እጄ አቀፍሁት። ውስጡ ያለው ውሃ መሆኑን አውቃለሁ፤ በዋዜማው ምሽት በሸምበቆው የጨመርሁት እኔ ነኝ። ክሩን ያጠብሁት፣ ያሸተትሁትም እኔ ነኝ። ግን ያ ቃል ከተነገረበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀውን ማመን አቃተኝ። ይፈነዳል አልሁ። ጉንጬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ፣ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ እንዳለ አዳመጥሁ።

አባዬ ላይኛውን ይዞ አነሣው። መጀመሪያ እምቢ አለው፤ ቀጥሎ ጭቃ እግርን ሲለቅ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማና ተነሣ። ክሩ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮች በክሩ ዙሪያ ተጠምጥመው አብረውት ወርደው ነበር፤ ግማሾቹ ተበጥሰዋል።

«ይኸው» አለ አባዬ። «ይኸው ጌታዬ፣ ውሃ ነው።»

መኮንኑ ካቡን ተሻግሮ መጣ። በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው። አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን ቋጠረ። አስተርጓሚው ከኋላው ሆኖ «ቤንዚን ይሸታል ይላል» አለ።

«ጣኒካው የቤንዚን ነበር። በአመድ አጥበነዋል።»

መኮንኑ ከኪሱ ክብሪት አወጣ።

ውሃው ላይ ስስ ነገር ተንሳፍፎ ፀሐዩ ሲነካው ቀስተ ደመና ይመስል ነበር። በየቀኑ አየው ነበር፤ ምንም ብንፈትገው ከቆርቆሮው ጥግ የማይለቅ ቅባት ነው። ውሃው ይቃጠል እንደሆነ አላውቅም። አባዬም እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ። ተክሉን እንዳነሣ ቆሟል፤ እኔን ለማንሣት እጅ የለውም።

«ልቀቂው» አለኝ ቀስ ብሎ።

መኮንኑ ክብሪቱን ጫረና ጣለው። በፊቴ በኩል ሲያልፍ ሙቀቱ ተሰማኝ። ጭስ አለና ጠፋ።

ሁለተኛውን ጫረ። በዚህኛው የክሩን ጫፍ ለኮሰው። ክሩ ጠቁሮ ጨሰ፤ ውሃው ከላይ ወርዶ አጠፋው። መኮንኑ የክብሪቱን እንጨት እያየ ቆየ። ከዚያ ሳቀ፤ ወደ አስተርጓሚው ዞረና ሳቁን ሳይጨርስ ይጮህበት ጀመር። አስተርጓሚው ያንን አልተረጎመልንም። ሲጨርስ መኮንኑ ትልቁን አረንጓዴ ፍሬ ቀጥፎ ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ ወጣ።

አስካሪዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ። አንዱ አስተርጓሚውን ትከሻውን መታው። «ና እንጂ ወንድሜ! ቲማቲም ይፈነዳብሃል!» ሌላው በጉብታው ሰውዬ ድምፅ «ሚቻ!» ብሎ ጮኸ፤ ይህን ጊዜ እማዬ እንደገና ተደፋች። እየሳቁ ወጡ።

አስተርጓሚው ግን በሩ ላይ ቆመ። ተመልሶ መጣና አባዬን ሳያየው፣ ተክሉን እያየ፣ «ከእንግዲህ ክር እንዳትል» አለው። «ሰምተሃል? ሌላ ስም አውጣለት።»

«ምን ልበለው ጌታዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ለክር በእነርሱ ቋንቋ እኔ የማውቀው ያንን አንዱን ቃል ብቻ ነው።» የአባዬን መልስ ሳይጠብቅ እየተጣደፈ ወጣ።

በሩ ተዘጋ። እማዬ ሕፃኑን አላስቀመጠችውም። አባዬ ተክሉን ካቡ ላይ አስደግፎት መጣና ከፊቴ ተቀመጠ። የታችኛውን ጣኒካ እንዳቀፍሁት ነበርሁ። መልቀቅ አቅቶኝ ነው እንጂ አልፈልግም ብዬ አይደለም፤ ክንዶቼ አልሰሙኝም።

«ልቀቂው እናቴ» አለኝ። «ሄደዋል።»

«እየለቀቅሁት ነው» አልሁት።

ጣቶቼን አንድ በአንድ ከቆርቆሮው ላይ አላቀቃቸው። በመዳፌ ላይ የጣኒካው ጠርዝ መስመር አውጥቶ ነበር፤ በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ ተክሉን አነሣና ወደ ቦታው ሊመልሰው ሞከረ። ክሩ በቀዳዳው አልገባ አለው።

«እንቺ፣ ያንን...» አለና ቆመ። አፉ ላይ የመጣውን ቃል ዋጠው። ወደ በሩ ዞሮ አየ። «ያንን ምላሱን ያዢልኝ።»

«የማንን ምላስ?» አለች እማዬ ደንግጣ።

«የቲማቲሙን።»

እማዬ ሕፃኑን ወደ ጀርባዋ አዞረች፣ መጥታም አጠገቤ ተንበረከከች፤ ለሁለት ሆነን የጠቆረውን ጫፍ ወደ ታች ጎተትነው። የተበጠሰው ሥር ብዙ ስለነበር ያ ተክል አልዳነም፤ በሳምንቱ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ደረቀ። የቀሩትን የአምስቱን ፍሬ መቅላት ሲጀምር ከማድ ቤቱ የመጣ ወታደር በቅርጫት ወሰደው፤ ጨውና ዱቄት ሰጠን። አባዬን ግን አልወሰደውም። እማዬ ቅርጫቱ በሩን እስኪያልፍ አባዬን፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ደግሞ አባዬን እያየች ቆመች።